ሁለት ዓይነት ጥቁር

ባለፈው ወር የፎቶ ቤቴን ቁልፍ ለሰብለ አስረከብኩ። ሰብለ ኮምፒውተር ተምራ የወጣች፣ ቆፍጠን ያለች ወጣት ሴት ናት፤ ቤቱን ከነማሽኑ፣ ከነወረቀቱ ገዝታዋለች። ንግድ ፈቃዱን በስሟ ለማዛወር ስንት ቢሮ እንደተመላለስን አልናገርም፤ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል። ከቁልፉ ጋር ግን ውሉ ላይ ያልተጻፉ ሁለት ነገሮች ሰጠኋት፤ አንድ አሮጌ ጥቁር ጃንጥላና አንድ የነጭ ነጠላ ቁራጭ።

ሰብለ ጃንጥላውን ዘርግታ አየችው። ሁለት ቦታ ተቀዷል።

«እትየ ትርንጎ፣ ይኸ እኮ ዝናብ አያስጥልም» አለችኝ።

«ለዝናብ አይደለም።»

«ነጠላውስ?»

«እሱም ለመልበስ አይደለም።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያ መልስ አይበቃትም። የሥራ ዘመኔ በሙሉ ያለፈው በእነዚህ ሁለት ዕቃዎች መሀል ስለሆነ፣ ለእሷም ለሌላውም እንዲሆን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ሥራ ያቆምኩት ደክሞኝ አይደለም። የግራ ዓይኔን ሞራ ጀምሮታል። ጥቁርን ከጠቆረ ቡናማ መለየት ከተሳነኝ ማተሙ ይቅርብኝ ብዬ በራሴ ወሰንኩ። ማንም አላስወጣኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ቤት የገባሁት በጽዳት ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ስቀመጥ፣ ጋሽ ውበቱ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ወለል የምትጠርግና ሳህን የምታጥብ ሴት ይፈልጋሉ ተባለ። ሳህን ስል የወጥ ሳህን አይደለም፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ የሚታጠብበት የኬሚካል ሳህን ነው። ደመወዙ ሳሙናና ጫማ ይገዛል፤ ከዚያ አያልፍም። ያን ጊዜ እኛ የምናትመው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ከለር የፈለገ ፊልሙን አዲስ አበባ ልኮ ይጠብቃል።

ጋሽ ውበቱ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሥራ ላይ ግን ነዝናዛ ሰው ነበሩ። ወረቀት ከካርቶኑ ሲያወጡ በመጀመሪያ ጫፉን ከታችኛው ከንፈራቸው ጋር ያስነኩታል። ሳያቸው የሚስሙት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የወረቀቱ ፊት የቱ፣ ጀርባው የቱ እንደሆነ በዓይን አይለይም። መድኃኒት የተቀባው ፊት ግን ከንፈር ላይ ትንሽ ይጣበቃል፤ ጀርባው አይጣበቅም።

«ዓይንሽን አትመኝ፤ ወረቀት የሚታወቀው ሲነካ ነው» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ በፕሪንተር ዘመንም የማደርገው ይህንኑ ነው። ቀለም የሚጠጣው ፊት እርጥብ ጣት ይይዛል። ለሰብለ ሳሳያት «እትየ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ?» አለችኝ። ተጽፏል እንጂ። አንዴ ከካርቶኑ የወጣ ወረቀት ግን ጽሑፉን ይዞ አይወጣም።

ጃንጥላው የእሳቸው ነው። በሩ ጎን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ዶፍ ቢወርድ እንኳ አይወስዱትም፤ በስብሰው ይመጣሉ። ፎቶ ሲደርቅ ይዘውት ደጃፍ ይወጡና በቀን ብርሃን ከጃንጥላው ጎን ያቆሙታል። «ጥቁር ማለት ይኸ ነው» ይላሉ፣ ጃንጥላውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። የሰውየው ጸጉር ወይም የኮቱ እጥፋት ከጃንጥላው አጠገብ ሲቆም ግራጫ ከመሰለ ፎቶው እዚያው ይቀደዳል፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ደንበኛው ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። እሳቸው ያውቁታል፤ ለእሳቸው ይህ ይበቃል።

ትልቁ ጭንቀታቸው ግን ጥቁሩንና ነጩን አንድ ላይ ማኖር ነበር። የኛ ሰው ፊቱ ጠይም ነው፤ የለበሰው ደግሞ ነጭ ጋቢ። ለጋቢው ሲሉ ፎቶውን ቢያጠቁሩት ፊቱ ጥቀርሻ ይሆናል፤ ለፊቱ ሲሉ ቢያሳሱት ጋቢው እጥፋቱ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ ለጋቢ ለባሽ ሁልጊዜ ለስላሳውን ወረቀት ይመርጣሉ፤ ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ ብሎ የሚሄደውን። በጭጋግ ቀን ለተነሳ ተማሪ ደግሞ ጠንካራውን፤ ጥቁሩንና ነጩን አጉልቶ የሚለየውን። ለሰው ሁሉ አንድ ወረቀት የሚጠቀም አታሚ፣ ለእግር ሁሉ አንድ ቁጥር ጫማ እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው ይሉ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደንበኛ የሚያማርርባቸው ግን ፎቶ በተሠራበት ቀን አለመስጠታቸው ነው። ቢለመኑም፣ ቢቆጧቸውም መልሳቸው አንድ ነው፤ «ይደር።» እርጥብ ፎቶ ሲደርቅ ጥቁሩ ይለወጣል፤ ዛሬ ያማረው ነገ ያልታሰበ ነገር ያመጣል። ያደረ ፎቶ ግን የሚሆነውን ሆኗል። እኔ ይህችን ሕግ በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን ጥሻለሁ። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በቃኝ።

ጋሽ ውበቱ ሲያርፉ ቤቱ ተዘጋ። ልጆቻቸው ካሜራውን ተካፈሉ፤ ጃንጥላውን የሚፈልገው ስላልነበረ ለኔ ሰጡኝ። ከዚያ ደጀን ላይ ዘመናዊ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ቀጠረኝ። ጨለማ ክፍል ቀርቶ ፕሪንተር መጥቷል። ሥራው በአብዛኛው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ ቀለም በጠርሙስ እየገዛ በመርፌ ካርትሪጅ ውስጥ መሙላቱ ነው። ከየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ብጠይቀው ይስቅብኛል።

«ጥቁር ደግሞ ምን ዓይነት አለው ትርንጎ? ጥቁር አንድ ነው!»

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር የትንሽ ልጁን ፎቶ እኛ ዘንድ አሳትሞ መሪው ፊት ለፊት ለጠፈው። የዓባይን በረሃ ሲወርድ ሲወጣ ከርሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰና ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገው። የልጅቷ ጸጉር የሻይ ቀለም ሆኗል።

«ምን በድዬሽ ነው?» አለኝ። «ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ ሂና አስቀባሻት እኮ!»

እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ እኔ ግን አላሳቀኝም። ያን ዕለት ቀለም ማለት ምን እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ። የጠርሙሱ ቀለም በውሃ የሟሟ ነው። ወረቀት ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ለዓይን ያምራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ጥሎ ይሄዳል። ሌላው ፒግመንት የሚባለው ነው። እሱ አይሟሟም፤ ዱቄቱ በጣም የደቀቀ ጠጣር ነው፤ ፀሐይ አይበግረውም። ጥቁሩ እንዲያውም ከጥላሸት የሚሠራ ነው። ነገር ግን ጠጣር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ የሚይዘው ቦታ ይፈልጋል። የትምህርቱን የመጀመሪያ ግማሽ ከሹፌሩ በደንብ ተማርኩ። ሁለተኛውን ግማሽ የተማርኩት ሰው አስለቅሼ ነው።

አለቃዬን ቀለሙን ቀይር ስለው «ፀሐይ ላይ የለጠፈው እሱ፣ ተጠያቂው እኔ?» አለኝ። ተጨቃጨቅንና ወጣሁ። ጥቂት ጊዜ አማኑኤል ላይ በገበያ ቀን ካሜራ አንጠልጥዬ ሠራሁ። ከዚያ ያጠራቀምኩትን ይዤ፣ የጎደለውን ተበድሬ፣ የፒግመንት ማሽን ከአዲስ አበባ አስመጣሁና ማርቆስ ላይ የራሴን ቤት ከፈትኩ። በመጀመሪያው ቀን ያደረግኩት ነገር በሩ ጎን ሚስማር መትቼ ጃንጥላውን መስቀል ነበር።

ጠባዬንም እዚህ ላይ ልናገር። ደንበኛ ማባበል አላውቅበትም። «እትየ፣ ቀላ አድርጊኝ» የሚለኝን «ፊትህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ እኔ አታሚ ነኝ» ብዬ እመልሰዋለሁ። አኩርፎ የሚሄድ ይሄዳል። አብዛኛው ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ምክንያቱም ግድግዳው ላይ ያለው የኔ ፎቶ ከጎረቤቱ ፎቶ ጋር ሲተያይ አልደበዘዘም። በዚህ እኮራለሁ፤ መኩራቴንም አልደብቅም።

አዲሱ ማሽን ሁለት ጥቁር ነበረው። ያ የደጀኑ አለቃዬ ቢያየው ምን ይል ነበር እያልኩ ለብቻዬ ስቄያለሁ። አንደኛው ጥቁር ግሎሲ ለሚባለው፣ ለሚያንጸባርቀው ወረቀት የተሠራ ነው። ሁለተኛው ለማት ወረቀት ነው፤ ለማያንጸባርቀው፣ በተለይም ከጥጥ ለሚሠራው። ይህ የማት ጥቁር ወፍራም ነው። ጥጡ ላይ ሲያርፍ በክሩ መሀል ይቀመጥና ዓይን የማይጠግበው ጥቁር ይሆናል። ማሽኑ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሠራባቸውም። ከአንዱ ወደ አንዱ ለመዛወር ቱቦውን ያጥባል፣ ቀለም ያፈሳል፣ ሰው ያስጠብቃል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

አበባው የሚባል አስተማሪ ደንበኛ ነበረኝ። ደብረ ወርቅ አካባቢ ያስተምራል፤ በየዓመቱ የተማሪዎቹን ፎቶ ይዞ ይመጣል። «እትየ፣ ልጆቼን አታቅያቸው፣ አታጥቁሪያቸው፤ ራሳቸውን ይምሰሉልኝ» ይለኛል። እንደሱ ያለ ደንበኛ ስለማይገኝ ወደድኩት። አንድ ክረምት ላይ ታመመና በሳምንቱ ሞተ። ለእናቱ፣ ለእማማ የሺ፣ አንድያ ልጃቸው ነበር።

በኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይወጣል። በትልቁ ይታተምና ሙሾ ሲወርድ በአልቃሹ መሀል ይዞራል፤ ዘመድ እየተቀበለ ያቅፈዋል፣ ይስመዋል። አበባው በሞተ ማግስት ተቀብሯል፤ የሩቁ ዘመድ የሚሰበሰብበት ትልቁ ለቅሶ ለእሑድ ተቀጠረ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአክስቱ ልጅ አንዲት ጉርድ ፎቶ ይዞ መጣ። ከእሷ በቀር የለም አለኝ። ያ ሰው ሁልጊዜ ሌላውን እያስነሳ እሱ ከፎቶው ውጪ ነው የኖረው።

«የሚያንጸባርቀውን አድርጊልን እትየ፣ ከሩቅ እንዲታይ። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ እንሄዳለን፤ ነገ ጧት ነው ለቅሶው።»

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩት።

ማሽኑ የማት ጥቁር ላይ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ የምስክር ወረቀት በማት ሳትም ነው የሰነበትኩት። ልቀይር ብል ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ላይ የተረፈኝ ቀለም ትንሽ ነው። አንድ ፎቶ አይደል እንዴ አልኩ። ግሎሲ ወረቀት አጉርሼው፣ ማሽኑን ግን ወረቀቱ ማት ነው ብዬ ዋሸሁት። ማሽን የነገሩትን ያምናል።

ሲወጣ እጅግ አማረ። ደጃፍ ይዤው ወጥቼ ከጃንጥላው ጎን ሳቆመው ግራጫ የመሰለው ጃንጥላው ነበር። እንዲያ ያለ ጥቁር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የአበባው ዓይን ሊናገር የደረሰ ይመስላል። ጋሽ ውበቱ በልቤ «ይደር» አሉኝ፤ በደንብ ሰማኋቸው። ሚኒባሱ አይጠብቅም ብዬ አለፍኳቸው።

ፎቶውን ከጠርዙ እየያዝኩ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ፊቱን ምንም እንዳይነካው ሰፊ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ይዤ ሄድኩ። ለቅሶው ቦታ ላይ ካርቶኑን ስከፍት አውራ ጣቴ የፎቶውን ጥግ ነካ። ጣቴን አየሁት፤ ጠቁሯል። ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩና ዝም አልኩ።

ማሽኑን መዋሸት ስንፍና ነው፤ ለስንፍና ይቅርታ አለው። ያቺን ጣት አይቶ ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። «አትንኩት፣ በሩቁ ይታይ» ብል የሚገድለኝ አልነበረም። ስህተቴ እንዳይታወቅብኝ ሰውን አፈርኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ፎቶው ዞሮ እማማ የሺ ጋ ደረሰ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጀ! አበባየ! መጣህልኝ?»

ደረታቸው ላይ አጣብቀው አቀፉት። ፊታቸው በእንባ ርሷል፣ ነጠላቸውም ርሷል። ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ብዙ ቆዩ። ኋላ ሊያዩት ከደረታቸው ሲያርቁት የአበባው ፊት አልነበረም። ግንባሩና አንድ ዓይኑ ተጠርገው ሄደዋል፤ የቀረው ግራጫ ጭጋግ ነው። ነጠላቸው ላይ ጥቁር ነገር ታትሟል።

«ወየው ልጀን! ፊቱን ምን አደረጋችሁት? ማን ነው የጠረገብኝ?»

ሙሾ አውራጇ ዜማዋን አቋረጠች። አንዱ ከኋላ «ማን ነው ያተመው?» ሲል ሰማሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ከሰው መሀል ወጣሁ። ደግሜ «እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድ ጎረምሳ ክንዴን ይዞ ሊያስወጣኝ ሲል የእማማ የሺ ወንድም መሪጌታ ጥበቡ ከመቀመጫቸው ተነሱ። መሪጌታ የአብነት መምህር ናቸው፤ ብራና ላይ መጻሕፍት በእጃቸው ይጽፋሉ።

«ተዋት» አሉት። ወደኔ ዞረው «ያጠፋሽው አንች ነሽ፤ የምታመጭውም አንች ነሽ። እስከ ተዝካሩ ጊዜ አለሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ጧት ወደ ማርቆስ ከመመለሴ በፊት ቤታቸው አስጠሩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ጎናቸው አስቀመጡኝና፣

«ቀለምሽ ከምንድን ነው?» አሉኝ።

«ከጥላሸት ነው ይላሉ፣ መሪጌታ።»

«የኔም ከጥላሸት ነው።»

ለልምምድ የጻፉበትን የብራና ቁራጭ አወጡና ጣታቸውን ውሃ ነክረው ፊደሉን አሹት። ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ንጹሕ ነው። ቀጥለው ወደ ቁራጩ ጥግ ሄዱ። እዚያ ቆዳው ያብለጨልጫል። ያንን ሲያሹት ፊደሉ እየተቀረፈ ወጣ።

«ይኸን ጥግ በድንጋይ ሳልፈገፍገው ቀርቸ ነው» አሉ። «ያልተፈገፈገ ቆዳ አይጠጣም። ቀለሙ አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው። ቦታው ነው የከዳኝ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ግሎሲው ወረቀት ያልተፈገፈገው ጥግ ነው። ወፍራሙ የማት ጥቁር ላዩ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልገባም፤ ሺህ ዓመት ቢያድርም አይደርቅም ነበር። ጋሽ ውበቱ ወረቀት በከንፈራቸው የሚፈትሹት፣ መሪጌታ ቆዳ በድንጋይ የሚፈገፍጉት ለአንድ ጉዳይ ነው። ልሄድ ስነሳ መሪጌታ «መስታወት እንዳታደርጊበት» አሉኝ። «እቴ የሺ ፊቱን በእጇ መንካት ትፈልጋለች።»

ይህ ሥራውን ከባድ አደረገው። መስታወት ቢኖር የትኛውም ያልፋል። ያለ መስታወት የሚታቀፍ፣ የሚሳም፣ እንባ የሚወርድበት ፎቶ ነው የተጠየቅኩት።

ማርቆስ ገብቼ የራሴን ነጠላ ቀደድኩ። ከአበባው ፎቶ ላይ ጸጉሩን ብቻ እየለየሁ ሁለቱንም ጥቁር በየወረቀቱ ላይ አተምኩ፤ ጀርባቸው ላይ ምን ከምን እንደሆነ ጻፍኩ። አንድ ቀን ያደረውን፣ ሦስት ቀን ያደረውን፣ ሳምንት የቆየውን በደረቅ ነጠላም በእርጥብ ነጠላም አሸሁ። የጥጡ ወረቀት ከማት ጥቁር ጋር ሲታይ ንጉሥ ነው፤ ግን ደጋግመው ሲያሹት ገጹ ይላጣል፤ ለግድግዳ እንጂ ለእቅፍ አይሆንም። ግሎሲው ከራሱ ጥቁር ጋር በደንብ ይይዛል፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ ሲወጣ መስታወት ሆኖ ፊቱን ይደብቃል፤ የነካው ጣት ሁሉ አሻራም ይቀርበታል። በመጨረሻ የቆምኩት ሳቲን በሚሉት፣ ለዘብ ያለ ወዝ ባለው ወረቀት ላይ ነው፤ ጥቁሩም ያው የግሎሲው ጥቁር። በእርጥብ ነጠላ እጄ እስኪደክም አሸሁት። ነጠላው ነጭ ሆኖ ቀረ። ከጃንጥላው ጎን ሲቆም እንደ መጀመሪያው አያስደነግጥም፤ ግን ጥቁር ነው፣ የአበባው ፊትም በሙሉ አለበት። አትሜ ሁለት ሳምንት አሳደርኩት።

ለተዝካሩ ይዤው ሄድኩ። እማማ የሺ ፎቶውን ከእጄ አልተቀበሉኝም። ቀና ብለው ፊቴን አዩ፤ ቀጥሎ ፎቶውን አዩ።

«ውሃ አምጡልኝ» አሉ።

በጣሳ መጣላቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ነክረው የልጃቸውን ጉንጭ አሹ፤ ግንባሩን አሹ፤ ዓይኑን አሹ። ሰው ሁሉ ያያል። ከዚያ የነጠላውን ጫፍ ወደ ብርሃን አነሱት።

«ነጭ ነው» አሉ።

ፎቶውን ተቀብለውኝ አቀፉት። ለኔ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ከድንኳኑ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ። መሪጌታ መጥተው «በይ፣ ጠበል ጠዲቁን ቅመሽ» ሲሉኝ ነው የተመለስኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከቤቴ የወጣ ፎቶ ሁሉ በነጭ ነጠላ ታሽቷል፣ አድሯልም። ደንበኛ ሲቸኩልብኝ ሌላ ፎቶ ቤት አመላክተዋለሁ። ለሠርግም ቢሆን፣ ለሹመትም ቢሆን አልለወጥኩትም። በዚህ በኩል ከጋሽ ውበቱ ብብስ እንጂ አላንስም። አንድ ነገር ግን በልቤ ቀርቶ ነበር፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ነጠላ። ስንት ጊዜ አጥበዋት ይሆን? ስንት ጊዜ ጥቁሩ አልለቅ ብሏቸው እኔን ረግመው ይሆን? ደብረ ወርቅ በሄድኩ ቁጥር ልጠይቅ እልና ሳልጠይቅ እመለሳለሁ።

ቁልፉን ካስረከብኩ በሳምንቱ ሰብለ ደወለችልኝ።

«እትየ፣ አንዲት እማሆይ መጥተው ትርንጎን ካላየሁ አልሄድም ብለዋል።»

ስደርስ እማማ የሺ ናቸው። መንነው ቆብ ደፍተዋል፤ ቢጫ ልብሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበት ስሜ ቀና ስል እጄን ይዘው ጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ቤቱን ልትለቅ ነው ሲሉኝ መጣሁ» አሉ። «አንድ ሥራ አለኝ። ከአንች በቀር የሚያውቀው የለም።»

ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጭናቸው ላይ ፈቱት። ነጠላዋ ነበረች።

«አላጠብሁትም» አሉኝ።

ዘረጉት። የአበባው ግንባር፣ ቅንድቡ፣ አንድ ዓይኑ፣ ከጉንጩ ጥቂት፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ግራው ቀኝ ሆኖ ታትሟል።

«ያ የሰጠሽኝ ፎቶ ግድግዳየ ላይ ነው። የመጣው ሁሉ ያየዋል፤ የሁሉም ነው» አሉ። «ይኸ ግን እኔ ሳቅፈው የቀረልኝ ነው። ስሞት በዚህ ገንዙኝ ብየ ተናዝዣለሁ። መቸ እንደሆነ እንጃ፤ እግዜር ዘገየብኝ። እስከዚያ ይቆይልኝ እንደሁ እይልኝ።»

ለዓመታት ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሥራው ነው። ሰብለን ያንን የነጠላ ቁራጭ ውሃ ነክራ እንድታመጣልኝ ነገርኳት። ከጥቁሩ ጠርዝ ላይ፣ ዓይኑን ሳልነካ፣ ቀስ ብዬ አሸሁት። ቁራጩን ወደ ደጅ ይዤው ወጣሁ፤ በደህናው ዓይኔ አየሁት። ነጭ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማት ጥቁር ለጥጥ ተብሎ የተሠራ ቀለም ነው፤ ነጠላ ደግሞ ጥጥ ነው። እኔ የማይሆነው ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት፤ እሳቸው ደረታቸው ላይ ሲያቅፉት ቦታውን አገኘ። በክሩ መሀል ገብቶ ተቀምጧል።

ነጠላዋን ከእማሆይ እጅ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ጥግ የቆመውን ጃንጥላም አንስቼ ደጃፍ ወጣሁና ከጎኑ ያዝኳት። ሰብለ አጠገቤ ቆማለች። የአበባው ቅንድብ ጥቁር ነው፤ ዛሬም ጃንጥላውን ግራጫ ያደርገዋል። እንባዬ እየወረደ ስለነበረ ነጠላዋ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን አዞርኩ።

«ይቆያል፣ እማሆይ» አልኳቸው። «እስከ መጨረሻው አብሮዎት ይሄዳል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ይኸን አውቃለሁ።»

እማሆይ ነጠላዋን ተቀብለውኝ፣ የታተመው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጠፏትና ፌስታሉ ውስጥ መለሷት። ሰብለ ጃንጥላውን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።